ሳይደርስ የበላነው ድግስ

ኤልያቄም ሳይደርስ የመድረሱን ድግስ በላን።

ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው። ፎቶ ኮፒ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ሰው ሲመጣ አቆማለሁ። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ።

ኤልያቄም ታናሽ ወንድሜ ነው። ሃያ ዓመቱ። መጋቢት ላይ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። በአውሮፕላን አይደለም፤ በእግርና በጭነት መኪና፣ በሞያሌ በኩል። የኛ አገር ልጅ፣ የሆሳዕና አካባቢ ማለቴ ነው፣ እንደዚያ ነው የሚሄደው። አንዱ ይገባል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ወንድሙን ይስባል። ወንድሙ የአክስቱን ልጅ ይስባል። እኛ ለቡ ከገባን ስንት ዘመናችን፣ ኤልያቄም እዚሁ መብራት ኃይል ሰፈር ነው የተወለደው። ግን ነገሩ ተከትሎን መጣ። ዕድሜው ደርሶ ያልሄደ ወንድ ካለ "አሞታል እንዴ?" ይላሉ።

የሚወስዳቸው ሰው ሙሴ ይባላል። ደላላ ነው፤ ግን ማንም ደላላ አይለውም። "ወንድም ሙሴ" ነው የሚሉት፣ ምክንያቱም ጸሎት ላይ አይጠፋም፣ ለቅሶ ላይ አይጠፋም፣ የእማዬን ዘመዶች በስም ያውቃል። መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንዲህ አለ፦

"ባሕር የለበትም። ሰሃራ የለበትም። መሬት ለመሬት ነው። በገዛ አህጉሩ ላይ ነው የሚሄደው፣ እማማ። ድንበሩን ነጭ ነው ያሰመረው።"

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። "ከሆሳዕና ይርቃል?"

"ትንሽ ይርቃል።"

"ሃያ ሆሳዕና ነው፣ እማ" አልኳት። "ከዚህ ሆሳዕና ሃያ ጊዜ ብትሄጂ አትደርሺም።"

"ወይ አንቺ! ትሕትና ብዬ ስም ያወጣሁት ምን ታይቶኝ ነው?"

ሙሴ ሳቀ። "ተዪያት። ለእህት ሁሉም ሩቅ ነው። ስሜ ራሱ ሙሴ አይደል? ማሻገር ነው ሥራዬ።"

"ሙሴ እኮ እሱ ራሱ አልገባም" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ኤልያቄም ብቻ፣ ከበሩ ጋ ቆሞ።

በኛ ዘንድ ልጅ መንገድ ላይ እያለ አይወራም። የት ሄደ ሲሉሽ "አገር ቤት ነው" ትያለሽ። የገባ ዕለት ግን ይታረዳል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ይዘመራል። ከዚያ በኋላ የእናቱ እጅ "ቀንቷል" ይባላል። ቀጥሎ የሚሄደው ልጅ ራሱን ጎንበስ አድርጎ ያ እጅ ካልተጫነበት ከቤት አይወጣም። እናቶቹ አያስወጡትም።

እማዬ ሞኝ አይደለችም። "ድምፁን ሳልሰማ ቢላ አይነሳም" ብላ ነበር። ድምፁን አመጡላት። ሙሴ ስልኩን አውጥቶ ቮይስ ከፈተ፦ "እማ፣ ገብቻለሁ። ጌታ ይመስገን። አመስግኑልኝ።" አለቀ።

"ቡዜዬ ነው የሚላት" አልኩ። ስሟ ቡዜ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እናቱን በስሟ ነው የሚጠራት፣ ሊያናድዳት። "እማ ብሏት አያውቅም።"

"ሰው አገር ሰውን ያበስላል" አለ ሙሴ። እማዬ ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ታለቅስ ነበር፤ አልሰማችኝም።

ወይፈን ታረደ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንዳይቀሩ ደግሞ ሰዒድ በራሱ እጅ በግ አረደ፤ ሚስቱ ሙፊዳ ለብቻ ድስት ሠራች። ከነሱ ጋር ግድግዳ ነው የሚለየን፣ ግድግዳውም ጆሮ አለው። የነሱ ትልቁ ልጅ አናስ የኤልያቄም ጓደኛ ነው። ያን ቀን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ በሰው ፊት "ቀጣዩ እኔ ነኝ" አለ። ተጨበጨበ። ድንኳኑ ጥግ ላይ የሰፈር ወንዶች ሙሴን ከበውት ነበር። ድግሱ የኛ፣ ገበያው የሱ።

ይሄ የሆነው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሙፊዳ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

"ከዙሁር ሶላት በኋላ እማማ ቡዜን ይዘሻት ነይ፣ እሺ?"

"የአናስ ነገር ቁርጥ ሆነ?"

"ነገ ሊነጋ ሲል ይወጣል።" ሻርፗን አጠበቀች። "እኔ አልፈለግኩም። አባቱም አልፈለገም። ግን የናንተን ድግስ አየና ማን ይቻለው? እኔም አየሁ። ሰው ይገባል ማለት ነው፣ አይደል?"

"ይገባል።" ያኔ የማውቀው እሱን ነበር።

"እማማ ቡዜ እጇን ሳትጭንበት ልጄ ከዚያ በር አይወጣም። ወላሂ ነው ያልኩሽ።"

"አንቺ ሙስሊም፣ እሷ ጴንጤ።"

"እና? ዱዓ ዱዓ ነው። ያን ቀን ከኔ ድስት ስትጨልፊ ጴንጤነትሽ ትዝ አላለሽም።"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩም።

እሷ እንደሄደች መምህርት ቤቴል ገባች። ከላይኛው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ሁሌም ሩጫ ላይ ናት። አንድ ወርክሺት ጠረጴዛዬ ላይ ጣለች። አናቱ ላይ "አፍሪካ፦ መልክዓ ምድር፣ ሕዝብና ኢኮኖሚ" ይላል፤ ከሥሩ ካርታና ሠንጠረዥ አለ።

"ለሁሉም ክፍሎች ነው። ስንት ሰዓት ይደርሳል?"

"መብራት ካልሄደ አሁን።"

"እዚህ ጋ ዳቦ ልግዛና መጣሁ።"

ማሽኑን አስነሳሁት። ወረቀቱ መውጣት ጀመረ። ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው፣ የውጭ። በ265 ይጀምራል።

"ሃሎ?"

ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ "ትሕቱ" አለ፣ በሹክሹክታ።

"ኤልያቄም! አንተ ከብት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ! ሲም መግዛት አቅቶህ ነው? እዚያ ሱቅ የለም?"

"አትጩሂ። አጠገብሽ ማን አለ?"

"ማንም።"

"አልደረስኩም።"

"ምን ማለት ነው አልደረስኩም?"

"አልደረስኩም ማለት ነው።"

ወንበር ፈለግኩ። ከኋላዬ ነበር፣ አላገኘሁትም። ቆሜ ቀረሁ።

"የት ነህ?"

"አላውቅም። ሐይቅ አለ። ባሕር መስሎኝ ቀመስኩት፣ ጨው የለውም። ማዶው አይታይም። ትምባሆ የሚያደርቁበት ቤት ውስጥ ነን። ቅጠሉ ከላይ ተሰቅሏል፣ እኛ ከሥር። ያዞራል። ግማሹ ልጅ ሲያስመልሰው ነው የሚውለው። ቀን መውጣት የለም።"

"ድምፅህን ሰማን እኮ። ገብቻለሁ አልክ!"

"ናይሮቢ ነው ያስቀዱን። ሁላችንንም፣ በሰልፍ። ያልቀዳ መኪና ላይ አይወጣም አሉ። 'ቡዜዬ' ብዬ ልቀዳ ስል ሰውዬው 'ይሄ ምንድነው፣ ከሚስትህ ጋ ነው እንዴ የምታወራው?' ብሎ አስደገመኝ።" ዝም አለ። የሆነ ነገር ሰምቶ ነው። ከዚያ ተመለሰ። "ሮበሌም ቀድቷል።"

"ሮበሌ ማነው?"

"የሺንሽቾ ልጅ፣ የኛው አካባቢ። ከተጫነ ጣውላ ሥር ነበር ያስተኙን። አጠገቤ ነበር። ሲያወርዱን አልነቃም።"

ማሽኑ ይገፋል። አንድ አፍሪካ፣ ሌላ አፍሪካ።

"ድግሱ ተደረገ?" አለ።

"አዎ።"

"የሮበሌም እናት ደግሳለች ማለት ነው።"

ከማሽኑ የወጡትን ወረቀቶች አስተካከልኩ።

"ትሕቱ፣ አናስ እንዳይመጣ። እኔ ነኝ 'ና' ያልኩት፣ ከመውጣቴ በፊት።"

"ነገ ይወጣል።"

"አይወጣም! አስቀሪው። ግን እኔ እንደደወልኩ እንዳትናገሪ፣ በእናትሽ። ለማንም። ሙሴ ከሰማ እዚህ ላሉት ይነግራቸዋል። አንድ ልጅ ለቤቱ ደውሎ ደረሱበት፤ መኪናው ሲመጣ ጥለውት ሄዱ። እየሮጠ ሲከተለን አየሁት፣ እስከሚያንስ ድረስ። የኛ መኪና ነገ ማታ ይመጣል ብለዋል። እዚህ ከቀረሁ ማንንም አላውቅም፣ ቋንቋም የለኝ..."

"ታዲያ አናስን ምን ብዬ ነው የማስቀረው?"

"እኔ እንጃ። አዋቂዋ አንቺ አይደለሽ?"

"ኤልያቄም—"

"ስልኩ የሰው ነው። ለአንዲት ልጅ ሸሚዜን ሰጥቻት ነው። ቡዜዬ ደህና ናት?"

ተቋረጠ። በዚያው ሰከንድ መብራት ሄደ። ማሽኑ ግማሽ ወረቀት ነክሶ ቆመ።

ሁለት ሰው አስተናግጄ መጣሁ። የት ነበርኩ? መብራት ሄደ።

ወረቀቱን ከማሽኑ አፍ ስቤ አወጣሁት። ካርታው ላይ ሐይቅ ፈለግኩ። ከታች በስተቀኝ በኩል፣ እንደ ቃሪያ ቀጭንና ረጅም የሆነ አለ። ማላዊ ይላል። ሠንጠረዡን አየሁ፦ ማላዊ፣ ዋና የወጪ ንግድ፣ ትምባሆ። ጣቴን እዚያ ላይ አደረግኩ። አውራ ጣቴ ከኛ እስከሱ አይደርስም። ከሱ እስከ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ገና ሌላ አገር አለ፣ ትልቅ፣ ከዚያም ሌላ።

ወረቀቱ ላይ "ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ኢትዮጵያን አቋርጦ እስከ ሞዛምቢክ ይዘልቃል" የሚል አለ። መሬቱ የተሰነጠቀበት ነው። ለካ ወንድሜን የወሰዱት በስንጥቁ ውስጥ ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ "ከአህጉሩ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ከሃያ ዓመት በታች ነው።" አናስ አስራ ዘጠኝ ነው። ሮበሌን አላውቅም። እናቱ የት አካባቢ ድንኳን እንደጣለች፣ ማን እንደጨፈረ፣ እጇን ለስንት ልጅ እንደጫነች አላውቅም።

ቤቴል ዳቦዋን ይዛ ገባች። "አለቀ?"

"መብራት የለም።"

"መብራት ኃይል ተብሎ መብራት የሌለው ሰፈር!" የወጣውን አንስታ ቆጠረችና ቅር አላት። "በቃ በቡድን ያንብቡት። ለነገሩ አያስፈልጋቸውም። ወንዶቹ ከኬንያ ቀጥሎ ማነው ስላቸው ሁሉም እጅ ያወጣሉ። ከታንዛኒያስ? ሁሉም። የናይጄሪያን ዋና ከተማ ጠይቂያቸው፣ አንድም የለም። ለፈተና የሚያጠኑ ይመስልሻል? ለመንገድ ነው።" በሩ ጋ ዞር አለች። "ረስቼው! ወንድምሽ ገባ አሉ። እንኳን ደስ አለሽ።"

"አመሰግናለሁ" አልኩ።

ሱቁን ገርበብ አድርጌ አናስን ፍለጋ ወጣሁ። ፀጉር ቤት ነበር። ፀጉሩን አሳጥሮ፣ አንገቱን ነጭ ዱቄት አስነስንሶ ወጣ። ሕፃን መሰለ።

"አናስ፣ አትሂድ።"

"አቦ ትሕቱ፣ አንቺም እንደ እናቴ ጀመርሽ?"

"አትሂድ አልኩህ። መንገዱ ጥሩ አይደለም።"

"ኤልያቄም ሲሄድ ጥሩ ነበር?"

"ያኔም አላልኩም?"

"ከገባ በኋላ ግን እስክስታ ስትወርጂ አይቼሻለሁ። ቪዲዮም አለኝ።" ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። "የናንተ ይግባ፣ የኛ ይቅር ነው? ለሙስሊም አይሆንም? ምቀኝነት እንዳይሆንብሽ፣ ትሕቱ። ከልቤ ነው።"

አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ ትምባሆ ሥር ተኝቷል ልለው ነበር። ግን አናስ ምስጢር ይዞ ሃያ ሜትር አይሄድም፤ ስልኩን አውጥቶ ሙሴ ላይ ይጮሃል። አውቀዋለሁ። መኪናው ነገ ማታ ነው። ኤልያቄም እየሮጠ፣ እየሮጠ፣ እስከሚያንስ ድረስ ታየኝ።

አፌን ዘጋሁት። አናስ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

ፖሊስ አሰብኩ። ሙሴን ዛሬ ቢይዙት፣ እዚያ ያሉት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰማሉ። ሙፊዳን አሰብኩ። ሙፊዳ ትጮሃለች፤ እሷ ስትጮህ ሀና ማርያም ድረስ ይሰማል። እማዬንማ ተዪው። ተራ በተራ አሰብኳቸው፣ ተራ በተራ ጣልኳቸው። ወደ ሱቅ ስመለስ ሙሴ በሩ ላይ ቆሟል።

"ትሕቱ! ተባረኪ። እማማን ልወስዳት መጥቼ ቤት አጣኋት።"

"ልብስ እየቀየረች ይሆናል። ጓሮ ናት።"

"እንጠብቃታለን።" ገባና ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ወርክሺቱን አነሳ። ካርታውን እያየ ፈገግ አለ። "አየሽ፣ ሁሉም አንድ መሬት ነው።" ጣቱን ከላይ ወደ ታች አንሸራተተ፣ በዝግታ፣ ልክ በመንገዱ። ሐይቁ ጋ ሲደርስ ጣቱ ያቆመ መሰለኝ። ወይ እኔ ነኝ። "ኤልያቄም ደወለ?"

"ለኔ? ሱቅ ከፍቶ ረስቶናል።"

"ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"ብርድ።"

"በግንቦት?"

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ በሱና በኔ መሃል። በራ። 265። ከቅድሙ ጥሪ በኋላ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ወደሱ እየተጠጋ። አነሳሁና ዘጋሁት። ወንድሜ ፊት ላይ ነው የዘጋሁት። ሌላ ሸሚዝ የለውም። ለዚህኛው ጥሪ ምን እንደሰጠ አላውቅም።

"ማነው?" አለ ሙሴ።

"ሎተሪ ደርሶሻል የሚሉት ናቸው። ከውጭ ነው የሚደውሉት።"

"እነሱ ክፉ ናቸው። ሰው ያታልላሉ።"

ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። ቁጥሩን አይቶታል፣ አላየውም? ከሩቅ ነበር። ተገልብጦም ነበር። አላየውም። እንዴት አያይም? ሥራው እኮ ነው።

እማዬ መጣች፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ቅባት ተቀብታ። ደስ ብሏታል። ለሰው ልጅ ስትጠቅም ደስ ይላታል። ሙሴ ክንዷን ይዞ ደረጃውን አሻገራት። "እማማ፣ ያቺ እጅሽ ወርቅ ናት" ይላታል። እሷ "የጌታ ነው፣ የኔ ምን አላት" ትላለች።

ሱቁን ዘጋሁና ተከተልኳቸው። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ይሄን ስጽፍ እንኳ፣ አውቄ ነው የሄድኩት ብዬ ብዋሽ ቀላል ነበር።

የሙፊዳ ሳሎን ሙሉ ነው። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ፣ ወንዶቹ ግድግዳውን ይዘው። ጫማ በር ላይ ተከምሯል። ሰዒድ ጥግ ላይ መቁጠሪያውን ይዞ አንገቱን ደፍቷል፤ ልጁን አያይም። ሙሴን ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጡት። ሀኒፋ የምትባለው የሙፊዳ እህት ሳንቡሳ ታዞራለች፤ ማንም አይበላም።

"እማማ ቡዜ መጣች!" አለች ሙፊዳ። ተነሳችና እማዬን እጇን ሳመች። "እንደ እጅሽ ያድርግልን።"

"አሜን፣ ልጄ። አይዞሽ። እኔም እንዳንቺ አልቅሼ ነበር። አሁን እዪኝ።"

እዪኝ አለች። ሁሉም አዩዋት። ሙፊዳ አየቻትና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ።

አናስ መሃል ላይ ተንበረከከ። አዲስ ጃኬት ለብሷል፤ ወፍራም። ሙሴ ነው "እዚያ አሁን ብርድ ነው፣ ክረምታቸው ነው" ያለው። ሰውዬው ጂኦግራፊውን አሳምሮ ያውቃል። አናስ ጎንበስ ሲል ዱቄቱ አንገቱ ላይ ይታያል፤ ፀጉር ቆራጩ አልጠረገውም።

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ዘረጋች። እጇ አናስ ራስ ላይ አረፈ።

"አባት ሆይ" አለች። "እኔ ድሃ ሴት ነኝ። ልጄን ስሰጥህ ፈርቼ ነበር። አንተ ግን ታማኝ ነህ።"

"አሜን" አለ ሙሴ።

"የኔን ልጅ እንዳደረስክ..."

ቀና ስል ሙሴ እኔን እያየ ነው። ዓይኑን አልጨፈነም። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አውራ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ነው። አየው፤ ቁጥሩን አይቶታል። ወይም ገና እየጠረጠረ ነው። አሁን አንዲት ቃል ብተነፍስ፣ አንዲት፣ ጠርጥሮ ከነበረ ያውቃል፤ አውቆ ከነበረ እዚያ ላሉት ይጽፋል። ነገ ማታ መኪናው ይመጣል፣ ወንድሜን ሳይጨምር ይሄዳል። ማንንም የማያውቅበት አገር፣ ሸሚዝ የሌለው፣ ጨው የሌለው ባሕር ዳር።

ዝም ልበል። ዝም ማለት እችላለሁ። አምስት ደቂቃ ነው። እጇ ይነሳል፣ አሜን ይባላል፣ ሳንቡሳው ይበላል። ነገ አናስ ይወጣል። ናይሮቢ ሲደርስ በሰልፍ ያስቀዱታል። "እማ፣ ገብቻለሁ።" ሙፊዳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች። በግ ይታረዳል። ይሄ ሳሎን እንደገና ይሞላል፤ እዚያ ምንጣፍ ላይ ሌላ ልጅ ይንበረከክና የሚጫንበት እጅ የሙፊዳ ይሆናል።

"...የኔን ልጅ በሰላም እንዳደረስክ፣ ይሄንንም የጎረቤቴን ልጅ..."

ተነሳሁ። ጫማዬን በር ላይ አላወለቅኩም ነበር፤ ምንጣፉን እንደረገጥኩ ያወቅኩት ሀኒፋ "ውይ!" ስትል ነው። አልተመለስኩም። በሴቶቹ መሃል አልፌ እማዬ ጋ ደረስኩ።

እጇን ያዝኩና ከአናስ ራስ ላይ አነሳሁት።